በማለዳ የመጡ ሽማግሌዎች

አፉላ ከተማ ብርድ ሲገባ ቀድሞ የሚያውቀው የእናቴ ደረት ነበር። ሰው ገና በስስ ሸሚዝ እየሄደ፣ መሀል ከተማ ያሉት ሱቆች የበጋ ጫማ በቅናሽ እየሸጡ፣ እሷ ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ተቀምጣ መሳል ትጀምራለች። ሐኪሟ ቁርጡን ነግሮኛል፤ ሳንባዋ አልቋል፣ አንድ ብርቱ ኢንፍሉዌንዛ ከያዛት አትነሣም። «ከሰው አርቂያት፤ የኢንፍሉዌንዛ መርፌውን በየዓመቱ ትወጋ» አለኝ። ጎበዝ ሐኪም ነው፣ አልዋሸኝም። ግን የጎንደር እናት ከሰው እንዴት እንደምትርቅ አላስተማረኝም።

እናቴን ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሣት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድሜን ማየት። በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር ስንመጣ እኔ ጀርባዋ ላይ የታዘልኩ ሕፃን ነበርኩ። ወንድሜ በብዙ ይበልጠኛል። አባቴ ታሞ ስለነበር የሚያስታምመው ሰው አስፈለገ፤ «ሲሻለው ተከታትለው ይመጣሉ» ተብሎ ወንድሜ ከእሱ ጋር ቀረ። አባቴ አልተሻለውም። ወንድሜም እዚያው አደገ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ከገጠር ወጥቶ ጎንደር ከተማ ገባና ወደዚህ የመምጫ ወረፋ መጠበቅ ጀመረ። ትልልቆቹ ልጆቹ ወረፋ ላይ እያሉ ጢም አበቀሉ። አንድ ጊዜ እናቴን ይዣት ሄጄ ተያይተዋል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ አውሮፕላን ከለከላት፤ የቀረው መንገድ የእሱ መምጣት ብቻ ሆነ።

በዚያ ዓመት የሰግድ በዓል ካለፈ በኋላ የወንድሜ የመምጫ ፈቃድ መጣ። እናቴ እልል አላለችም። ተነሥታ፣ የኦክስጅን ቱቦዋን እየጎተተች፣ የትንሿን ክፍል አልጋ አነጠፈች። ከገበያ ያስገዛችኝን ወፍራም ብርድ ልብስ ዘረጋችበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም እዚያ አልጋ ላይ እንዲቀመጥ አትፈቅድም፤ ልጆቼ ቦርሳቸውን ሲጥሉበት እንኳ ትቆጣለች። እኔ ደግሞ አንድ ጸሎት ብቻ ነበረኝ፤ እሱ እስኪመጣ ጉንፋን በራችንን እንዳይረግጥ።

የምሠራው ቁፓ ውስጥ ነው፤ እኛ እዚህ ጤና ጣቢያውን የምንጠራው እንደዚያ ነው። ሥራዬ ሜጋሼሬት ይባላል። ዕብራይስጥ በሚያወራው ሐኪምና አማርኛ ብቻ በሚያውቁት ሽማግሌዎቻችን መካከል ቆሜ የሁለቱንም ቁጣ እቀበላለሁ ማለት ነው። በዚያ ክረምት ቁጣው በዛ። ኢንፍሉዌንዛው ቀድሞ ገባ፣ ከብዶም ገባ። የኢንዱስትሪ ቀጠናው ሠራተኞች እያሳሉ ከአውቶቡስ ይወርዳሉ፣ የሕፃናት መዋያው ግማሹ ባዶ ነው፣ እኛ ዘንድ ግን መሳሳሙ እንደ ጉድ ነው። ሰው በገባ ቁጥር ተነሥቶ ግራ ቀኝ ጉንጭ መሳም አለ፤ ትልቅ ሰው ከሆነ ደግሞ ጉልበት። በምኩራቡ አዳራሽ ቆሜ «እስከ ፋሲካ ድረስ ብቻ አትሳሳሙ፤ እጃችሁን ታጠቡ፤ መርፌውን ተወጉ» ብዬ ለመንኩ። አንድ ሽማግሌ ከፊት ወንበር ሆነው «ታዲያ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጃችንን እያወዛወዝን እንተላለፍ?» አሉኝና አዳራሹ ሳቀ። ስብሰባው ሲያልቅ ሁሉም ተሳስመው ተበተኑ።

በዚያው ሰሞን ጎንደርም ታሞ ነበር። ወረፋ የሚጠብቁት ቤተሰቦች በኪራይ ክፍሎች ተጨናንቀው ይኖራሉ፤ አንዱ ሲያስነጥስ ግቢው ሁሉ ያስነጥሳል። ትኩሳት ያለበት ሰው አውሮፕላን ላይ አይወጣም፤ ቤተሰቡም አብሮት ይቀራል። ስለዚህ የእኛ ሐኪምና እዚያ ያሉትን የምታክም አንዲት ነርስ በየሳምንቱ በስክሪን መነጋገር ጀመሩ። እሱ በዕብራይስጥ፣ እሷ በአማርኛ፣ እኔ በመካከል። የትኛው ግቢ ሳል እንደገባበት፣ ናሙናው ምን ዓይነት ቫይረስ እንዳሳየ፣ ክትባቱ ሳይሞቅ እንዴት እንደሚደርስ፣ ተሳፋሪዎቹ መቼ መወጋት እንዳለባቸው፣ እዚህ ሲያርፉ ማን ተቀብሎ እንደሚያያቸው ይነጋገራሉ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ሥራ ነበር። ሁለት አገር ስለ አንድ ሕፃን ሳል ሲጨነቅ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ነርሷ ዓይኗን ከስክሪኑ አሸሸችና «አንድ ነገር አለ፣ እህቴ» አለችኝ። ወንድሜንና ትንሿን ልጁን ትኩሳት ይዟቸዋል። ሐኪሙ «ምን አለች?» አለኝ። ተረጎምኩለት። ወንድሜ መሆኑን ያውቃል፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ቀስ ብሎ «መሳፈር አይችሉም፤ ይቆዩ፤ አዝናለሁ» አለ። እኔም ወደ ስክሪኑ ዞሬ የገዛ ወንድሜን «አይሳፈርም» ብዬ በአማርኛ ተናገርኩ። ደንቡ ትክክል ነው። በዚያ አውሮፕላን ውስጥ የሌላ ሰው እናት ትኖራለች፤ ደግሞስ ቢመጣ በዚያ ትኩሳቱ መጀመሪያ የሚስመው ማንን ነው? ሁሉንም አውቃለሁ። ቢሆንም ያን ቀን ያን ስክሪን በጫማዬ ብመታው ደስ ባለኝ።

ለእናቴ «አውሮፕላኑ ዘገየ» አልኳት። መታመሙን አልነገርኳትም፤ የቀረቻት ትንፋሽ በጭንቀት ታልቃለች ብዬ ፈራሁ። እሷም የዋዛ አይደለችም። ስልክ ሲመጣልኝ ወደ በረንዳ መውጣቴን፣ ድምፄን ዝቅ ማድረጌን፣ ጎረቤት ስትመጣ ወሬ መለወጣችንን ታያለች። ዓይኗ ይከተለኛል።

ክፉ ወሬ መደበቅ የእኔ ብቻ ጠባይ አይደለም። እዚህ የተወለዱት ልጆቼ ስለ መርዶ ስነግራቸው ይገርማቸዋል። የእኛ ሰው ሞትን በስልክ አይናገርም። ዘመድ በሩቅ አገር ሲሞት፣ ወሬው ከባለ ኀዘኑ ጆሮ እንዳይገባ ሁሉም አፉን ይይዛል። ከዚያ ሽማግሌዎች ይመረጡና፣ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ፣ እህል ሳይቀምስ፣ በማለዳ ተሰብስበው ይሄዱበታል። በሩ ላይ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው በማለዳ ያየ ሰው ሌላ ቃል አይጠብቅም። «ለምን ቴክስት አይልኩም?» ይለኛል ትንሹ ልጄ።

የቁፓው ነርስ እዚሁ ያደገች የእኛው ልጅ ናት። አማርኛዋ ይሰባበራል፣ እጇ ግን ቀላል ነው። መርፌውን ይዛ ቤት ለቤት ስትዞር ሽማግሌዎቹ ምሳ አብልተው፣ መርቀው፣ ሳይወጉ ይሸኟታል። «እሱ መርፌ ነው የሚያሳምመኝ፤ አምና ተወግቼ አልጋ ላይ ዋልኩ» ይሏታል። በመጨረሻ ወደ ቄሱ ሄድን፤ የእኛም የሃይማኖት አባት ቄስ ነው የሚባለው። ቄሱ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆነው አብረዋት ሊዞሩ ተስማሙ። የእኛ ሰው ሐኪምን እምቢ ይላል እንጂ፣ ሽማግሌ ቤቱ ድረስ መጥቶ ከለመነው እምቢ ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። ከሰዓት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ እየዞሩ ብዙ ሰው አስወጉ፤ እኔም ተንፈስ አልኩ። ተራው መርፌውን ስትሸሽ የከረመችው የእናቴ ሲሆን አልነገርኳትም። ብነግራት ሰበብ ታዘጋጃለች፤ ድንገት ይግቡባት ብዬ ተውኩት።

በዚያች ቀን ቄሱ ከሰዓት በኋላ ሌላ ከተማ ሰርግ ተጠርተው ስለነበር «ጠዋት እንጨርሰው» ተባባሉ። ነርሷም መልእክት ላከችልኝ። መልእክቱ ሲደርስ እኔ ገላዬን እየታጠብኩ ነበር።

በሩን የከፈተችው እናቴ ናት። ቄሱ ነጭ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ከፊት ቆመዋል፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኋላቸው። ሊፍቱ ተበላሽቶ ደረጃውን በእግራቸው ስለወጡ ትንፋሻቸው ተቆርጧል፤ አንገታቸውን ደፍተው ግድግዳ ይዘዋል። ፊታቸው፣ እኔው ራሴ አድርጉ ብዬ በለመንኳቸው ማስክ ተሸፍኗል። ነርሷ ገና ታች ደረጃው ላይ ነበረች። እናቴ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። የልጇ አውሮፕላን ዘግይቷል፤ እኔ ስልክ ይዤ በረንዳ ላይ ሳንሾካሽክ ሰንብቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ሽማግሌዎች በማለዳ በሯ ላይ ቆመዋል።

«ልጄን!» ስትል ሰማሁ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያ ደረት ይወጣል ብዬ አላውቅም ነበር። ፀጉሬ እየተንጠባጠበ ስወጣ እናቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አገልድማ፣ ደረቷን ትመታለች። የኦክስጅኑ ቱቦ ከአፍንጫዋ ወልቆ ምንጣፉ ላይ ወድቋል።

«ኧረ የለም! ኧረ በፈጠረሽ፣ ለመርፌ ነው የመጣን!» አሉ ቄሱ፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ።

«በመርፌ ይሸነግሉኛል!» አለች እናቴ ወደ ጣሪያው እያየች። «ቄስ ሆነው ይሸነግሉኛል! መቼ ሞተ? መቼ ቀበራችሁብኝ?»

ነርሷ ሳጥኗን ከፍታ አሳየቻት። «ሳቭታ፣ አያቴ፣ እዪ፣ ሒሱን ነው፣ ክትባት! መርፌ ብቻ ነው፣ በኤሜት፣ እውነቴን ነው!»

«ይቺን ደግሞ ልቤ ቢቆም ብለው ነው ያመጧት» አለች እናቴ፣ ለቅሶዋን ሳታቋርጥ።

ተንበርክኬ ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ እያደረግሁ «እማዬ፣ ስሚኝ፣ ደኅና ነው፤ ጉንፋን ብቻ ነው የያዘው» አልኳት። ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው የገባኝ።

«ታሞ ነበራ!» አለች። «ታሞ ነበራ ልጄ! ደበቃችሁኝ! ድምፁን አሰሙኛ፣ አለ ካላችሁ ድምፁን አሰሙኝ!»

ስልኬን አንሥቼ ደወልኩ። መስመር የለም። ደግሜ ደወልኩ። የወንድሜ ስልክ ዝግ ነው፤ የሚስቱም፤ የጎንደሯ ነርስም። ጎንደር ላይ ኔትወርክ የሚጠፋባቸው ቀናት አሉ፤ ያ ቀን ከነሱ አንዱ ነበር። እኔ ቁጥር ስጫን እናቴ ጣቶቼን ታያለች፤ ሳይነሣ በቀረ ቁጥር ጩኸቷ ይጨምራል። እኔም ራሴ፣ ሽማግሌዎቹን የላክኋቸው ለመርፌ መሆኑን የማውቀው እኔ፣ እውነት ሞቶ ይሆን እንዴ ብዬ ልቤ ከዳኝ።

የእኛ ሰው ለቅሶ ሰምቶ ማን እንደሞተ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ያለቅሳል። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን በቤት ጫማዋ እየሮጠች መጣችና እናቴ ላይ ተደፋች። ቀጥሎ ከማዶ ሕንፃ ያሉት፣ ቀጥሎ ከመሀል ከተማ በአውቶቡስ የመጡት። ቀትር ሳይሆን ቤታችን በሰው ሞላ። ሁሉም ያቅፋታል፣ ሁሉም ይስማታል፣ እንባና ንፍጥ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ ይሄዳል። «አትሳሟት!» እያልኩ እጮሃለሁ። «ወንድሜ አልሞተም! አትሳሟት!» አንዷ አክስቴ እንደ እብድ አየችኝና «ኀዘን አእምሮዋን ነካው፤ ውኃ ስጧት» አለች። ዓይኗ የቀላ፣ አፍንጫዋ የሚያፈስ ሴት ከሰዉ መሀል አልፋ የእናቴን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ሳመቻት። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ አየሁ፤ የምደርስበት ቀዳዳ አልነበረም። በዚያች ደቂቃ ተስፋ ቆረጥኩ።

ለኔ የጠፋው መስመር ለሌላው ተገኘ። ከለቀስተኞቹ አንዱ ጎንደር ላለ ዘመዱ ደውሎ «እነሱ ቤት ለቅሶ ነው» ብሎ ኖሯል። እዚያ ደግሞ ለቅሶው የማን ሊሆን ነው? አፉላ የታመመችው አሮጊት ናት እንጂ። በመጨረሻ ስልኬ ሲጮህ ወንድሜ ነው፤ ግቢው ሁሉ ከኋላው ያለቅሳል።

«እታለም!» አለኝ። «እታለም፣ ሳላያት ቀበራችኋት?»

«ማንን ነው የምንቀብረው? ይቻትልህ፣ አንተን እያለቀሰች ነው!» ብዬ ጮህኩና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ደገንኩት።

ድምፁ በትኩሳትና በለቅሶ ሰልሏል። እናቴ አዳመጠችና ራሷን ነቀነቀች። «የእሱ ድምፅ አይደለም። ሰው አስመስላችሁብኝ ነው።» ከዚያ ስልኩን ይዛ «ልጄ ከሆንክ፣ የጎረቤት ውሻ የነከሰህ የት ላይ ነው?» አለችው።

«ውሻው መቼ ነከሰኝ?» አለ ወንድሜ። «እኔ ነኝ ጆሮውን የነከስኩት! አንቺው አይደለሽ በእርጥብ በትር የገረፍሽኝ?»

እናቴ ሳቀች። ብዙ ዓመት እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አልቆም አለ፤ ቤቱ ግን በእልልታ ተናጋ። ስለ ሞቱ የሳሟት ሁሉ ስለ ሕይወቱ ደግመው ሳሟት። ቄሱ ጥግ ላይ ተቀምጠው ግንባራቸውን ይጠርጋሉ። እናቴ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባ «በሉ አሁን ውጉኝ፤ እንዳትታዘቡኝ» አለች። ነርሷ ወጋቻት። ስትወጣ ወደ ደረጃው ወሰደችኝና «መርፌው እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። እስከዚያ ከሰው ትራቅ፣ ቤሴደር? እሺ?» አለችኝ። ከኋላዬ አርባም ሃምሳም ሰው ተራ በተራ እየሳማት ይሰናበት ነበር።

በቀጣዩ የስክሪን ቀን ጎንደር ያለችው ነርስ ታሪኩን ሰምታ እስኪያማት ሳቀች። ሐኪሙም ሲተረጎምለት መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ «ግን ሽማግሌዎቹ ያስወጋሉ፤ እዚያስ አይሆንም?» አለ። እንዳለውም አደረጉ። የተላከው ክትባት ሲደርስ ነርሷ ሦስት የተከበሩ ሰዎች መረጠችና በየግቢው ይዛቸው መዞር ጀመረች። ቀን ሰዉ ለቀን ሥራ ስለሚወጣ የሚገኘው በማለዳ ብቻ ነው። የሚደነግጥ አልነበረም። የእናቴ ወሬ ከነርሷ ቀድሞ በየግቢው ተዳርሷል፤ ሽማግሌ በማለዳ ብቅ ሲል ሰዉ እየሳቀ እጅጌውን ይጠቀልላል። ወንድሜ ገና ትኩሳት ስለነበረው አለፉት። «ሲለቅህ እንመለሳለን፤ ተወግተህ ትሄዳለህ» አሉት።

እናቴን በዚያው ሳምንት አተኮሳት። ምርመራው ኢንፍሉዌንዛ ነው አለ። ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገኝም ነበር። ሆስፒታል ለብቻዋ አስተኟት፤ እኔ ጋውንና ማስክ ለብሼ እገባለሁ። አየሩን በጭንብል እየሳበች ዓይኗ በሩ ላይ ነው። «ቀኑን ቆረጡለት?» ትለኛለች። «ሊቆርጡለት ነው» እላለሁ። በበሽታው አልተቆጣሁም፤ በሽታ ሥራው ነው። የተቆጣሁት በዚያ ሁሉ ፍቅር ላይ ነው። ሊገድላት የመጣ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሊያጽናናት ነው የመጣው። ማንን ይዤ ልጩህ?

ከዚያ ጥሩው ወሬ መጣ። ወንድሜ ትኩሳቱ ለቆታል፣ ልጁም ድናለች፣ በሚቀጥለው በረራ ይሳፈራሉ። ሐኪሙ ራሱ ክፍሏ ድረስ ሊነግራት መጣ፤ እኔ ተረጎምኩ። እናቴ የሐኪሙን እጅ ይዛ መረቀችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሲመጣ አትከልክይኝ» አለች። «እስመዋለሁ።»

«ትስሚዋለሽ፣ እማዬ።»

«ያን ጨርቅ አፌ ላይ አላደርግም።»

«አታደርጊም» አልኳት። ስለ መሳም ስንት ሰው የተጣላሁት እኔ፣ እሱን ብቻ እንድትስም ቀሪ ዕድሜዬን ብጠየቅ እሰጥ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እጇ እጄ ውስጥ እያለ አረፈች። ዓርብ ቀበርናት፤ ሰንበት ሊገባ ስለነበር ሁሉም ነገር በጥድፊያ ሆነ። ለቅሶ ስንቀመጥ ያ ቤት እንደገና ሞላ። የእውነቱ ለቅሶ ከፊተኛው ይልቅ ጸጥ ያለ ነበር፤ ሰዎቹ አፍረዋል መሰለኝ፣ ከሩቅ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ይቀመጣሉ። አንድም ሰው አልሳመኝም። በዚያች ቀን አንዲት ሴት መጥታ ብታቅፈኝ ብዬ የተመኘሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። ደግሞም አንድም ሰው ወደ ጎንደር አልደወለም። የውሸቱ ሞት በሰዓታት ውስጥ ባሕር ተሻግሮ ነበር፤ የእውነቱን ግን ሁሉም አፉን ይዞ ጠበቀው።

ሽማግሌዎቹ «መጥቶ እዚሁ መርዶውን ይረዳ» አሉ። «አሁን ሰምቶ መንገዱ ይሰናከልበታል።» እኔ እምቢ አልኩ። ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ለእናቱ የያዘውን ይዞ፣ ከተቀባዮቹ መካከል እሷን ሲፈልግ ላየው አልችልም። እዚያ ሚስቱ አለች፣ ልጆቹ አሉ፣ አብሮት የታመመ ጎረቤት አለ፤ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው መካከል ይስማ አልኩ። ቄሱም «ልክ ናት» አሉ።

ለጎንደሯ ነርስ ደወልኩ። ገና «እህቴ» ከማለቴ ገባት። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ «ነገ ሽማግሌዎቹን ይዤ በማለዳ እሄዳለሁ» አለችኝ። የትኞቹን ብዬ አልጠየቅኋትም። በዚያ ሰፈር ሰው የሚያከብራቸው እነዚያው ናቸው።

በማግስቱ የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ኋላ ነበር የምትሄደው፤ ጉንፋኑ ገና ስላልጠፋ ሁሉም ማስክ አድርገዋል። ወንድሜ ግቢው ውስጥ ቆሞ ፊቱን ይታጠባል። ሻንጣዎቹ ታስረው በሩ ሥር ተደርድረዋል። ቀና ሲል አያቸውና ፊቱ በሳቅ በራ። «መጡልኝ!» ብሎ ሚስቱን ጠራት። ውኃውን ከፊቱ ሳይጠርግ የግራ እጅጌውን ጠቀለለና ክንዱን ዘረጋላቸው። «እኔ እንደ እናቴ አላስቸግራችሁም፤ ወግታችሁ ስደዱኝ፣ እየጠበቀችኝ ነው» አላቸው።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። እሱም የተገለጠው ክንድ ያልበቃቸው መስሎት እጅጌውን ይበልጥ ወደ ላይ ጠቀለለ።